በረካው እስኪደርስ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ገርበብ አድርጉት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳ አይምርም። የዛሬው ትረካዬ የእኅቴ ልጅ ነው። የእሷንም የልጇንም ስም አልጠራም። ልጁ አድጎ ታሪኩን ራሱ የሚያወራ ቀን ስሙንም ራሱ ይናገር።

ነገሩ የተጀመረው አንኮበር ላይ፣ በቡሄ ሰሞን ነው። አንኮበርን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሲወጣ ሰው ከጎረቤቱ አይተያይም። ያኔ የሚያገናኘው ድምፅ ብቻ ነው። እናት ልጇን በጥሪ ታገኘዋለች፣ እረኛ በጎቹን በፉጨት ይሰበስባል። በቡሄ ደግሞ ጅራፍ አለ። ልጆቹ የገመዱትን ጅራፍ ከራሳቸው በላይ አዙረው ሲያጮሁት ገደሉ ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ ነጎድጓድ በሉት። የእኅቴ ልጅ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ደጅ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ሙልሙል ይገምጣል። አንድ ጎረምሳ አምስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ከኋላው መጥቶ ጅራፉን አጮኸው። የታሰረችው ጊደር ገመዷን ልትበጥስ ደረሰች። እኔ ትልቁ ሰውዬ እንኳ ትከሻዬ ተሸማቀቀ። ልጁ ሙልሙሉን ገመጠ፤ አኘከ፤ ደግሞ ገመጠ።

ቀና ያለው ዶሮዎቹ እየተንጫጩ በፊቱ ሲያልፉ ነው። እናታችን፣ «ይኸው ሰማ! ሰማ እኮ!» ብላ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኅቴ ግን በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ዓይኑ ዶሮዎቹን ተከትሎ እንደዞረ አይታለች። ምንም አላለችም። ገብታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፤ እሳቱ ጠፍቶ እንኳ አልቆሰቆሰችውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደባት። እናታችን፣ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታ፤ አትቸኩይ» አለች። አንዷ ጎረቤት ከምላሱ ሥር ያለችው ጅማት ትቆረጥለት አለች። ሌላዋ ለጋ ቅቤ አሙቀሽ ጆሮው ውስጥ አንቆርቁሪለት አለች፤ ይህን እንኳን ማንም አያድርግ፣ ጆሮን የባሰ ይጎዳል። አባታችን የኔታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ ሰው። እሳቸው «ጸበል ይግባ» አሉ። እኅቴ ሁለት ሱባኤ ልጇን አዝላ ወርዳ ተጠመቀች፣ አስጠመቀችው። እኔም ስንቅ አመላልሼላቸዋለሁ። በዚያ ጸበል ያገኘችው ጽናት እስከ ዛሬ ይዟታል፤ ይህን የሚነቅፍ አንደበት የለኝም።

ቀጥሎ ከተማ ወረደች። አንድ ሐኪም ጋ ቀረበች፤ የት እንደሆነ ይቅር። ሐኪሙ ልጁን አየና፣ «የመስሚያ መሣሪያ ግዙለት። በእጅ እንዳታናግሩት ግን፤ ምልክት ከለመደ አይናገርም» አላት። ምልክት ምላስ ያስራል የሚለው በጥናት የጸና ነገር አይደለም፤ እሷ ግን ያን በምን ትወቀው? ለወራት እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ልጇን በአፏ ብቻ ስታናግረው ከረመች። ከዚያ አንድ አስተማሪ አገኘችና፣ «ይኼን መሣሪያ ተዪው፣ ብር ማባከን ነው። ምልክት ብቻ!» ተባለች። በስንተኛው ወር ደግሞ ውጭ አገር ያለ የዘመድ ልጅ ደወለ። «እዚህ እኮ ጆሮ ውስጥ መስሚያ ይተክሉላቸዋል። ካላስተከላችሁለት በደላችሁት» አለና ስልኩን ዘጋ።

አያችሁ፣ ከእነዚህ ሰዎች መሀል ክፉ የለም። ሁሉም ልጁን ወደው ነው። ችግሩ እያንዳንዱ በእጁ ያለውን አሳይቷት የሌላውን እንዳታይ ዓይኗን መያዙ ነው። እሷም አንዱን ስትጀምር ሌላው እየነቀፈባት፣ አንዱን ስትተው ሌላው እየወቀሳት፣ ልጇ አራት ዓመት ሞላው።

አሁን የማወራችሁን ነገር ስናገር ዛሬም ጉሮሮዬ ይያዛል። ልጁ በራሱ ጊዜ የፈጠራቸው ጥቂት ምልክቶች ነበሩት። ለአያቱ ጣቱን በራሱ ዙሪያ ያዞራል፣ ጥምጥም መሆኑ ነው። ለሴት አያቱ አንገቱን ይነካል፣ ለንቅሳቷ። ለውርጭ ሁለት መዳፉን አሻሽቶ እፍ ይልበታል። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጠቦት ነበረችው፤ እናቷ ሞታባት በእጁ ወተት እያጠጣ ያሳደጋት የመንዝ በግ፣ አብራው የምትተኛ። ፋሲካ ደረሰና ታረደች። ልጁ ጠዋት ተነሥቶ ጋጣ ገባ። ከጋጣ ወጥቶ ጓሮ ሄደ። ወደ እናቱ መጣና ሁለት ጣቶቹን ከጆሮው በላይ ቀስሮ እጆቹን ዘረጋ፤ «በጌስ?» ማለቱ ነው። እኅቴ ምን ትበለው? «ፋሲካ ነው» በምን ይባላል? «ትናንት» በምን ይባላል? «ይቅርታ» በምን ይባላል? ሦስት ቀን ሙሉ ፈለጋት። በሦስተኛው ቀን ቆዳዋን አጥር ላይ ተሰጥቶ አገኘው። አጠገቡ ተቀመጠና እስኪመሽ አልተነሣም።

እኅቴ በማግስቱ ልጇን ይዛ መኪና ተሳፈረች። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «የማንንም ምክር አልሰማም፤ እንደሱ ዓይነት ልጅ ያላት እናት ካለች እሷን ብቻ አሳየኝ» አለችኝ።

እኔ የምኖረው እዚሁ ደብረ ብርሃን ስለሆነ ጠየቅሁ፣ አጠያየቅሁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች አንዲት ሴትዮ ሴት ልጇ መስማት የተሳናት መሆኗን ነገሩኝ። እኅቴን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ጀበናዋን ጥዳ ተቀበለችን። እኅቴ ገና ሳትቀመጥ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ለልጅዎ ምን አደረጉላት? ያንኑ ላድርግ» አለቻት።

«እሱን በበረካው እነግርሻለሁ» አለች ሴትዮዋ። «አሁን አቦሉን ጠጪ።»

በአቦሉ የጠየቀችው ስለ ልጁ ብቻ ነበር። ምን ያስቀዋል? ማንን ይከተላል? ማታ መብራት ሲጠፋ ይፈራል ወይ? ለእናቱ ምን ምልክት አወጣላት? እኅቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው ስላልነበረ አለቀሰች። ሴትዮዋ አላባበለቻትም። ስኒውን አጠበች፣ ጀበናውን መልሳ ጣደች።

በቶናው ተናገረች። የነገረቻትን እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

«መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚሰማ ይለካ። ሕፃን ተኝቶ ሳለ እንኳ የሚለካበት መሣሪያ አለ፤ የአንቺ ደግሞ አድጓል። ኦዲዮግራም የሚባል ወረቀት ይሰጡሻል። ተርጉሙልኝ ሳትይ እንዳትወጪ። የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ የተጎዳውን ጆሮ አያድንም። ጥቂት ለሚሰማ ልጅ የንግግርን በር ይከፍትለታል፤ ምንም ለማይሰማ ከበሮና ነጎድጓድ ቢያሰማው ነው። ጆሮው ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ልጁ ባደገ ቁጥር እንደገና ይሠራል። ባትሪው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ነው። የአንኮበር ጉም ደግሞ እርጥበት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደረቅ ቦታ ካላሳደርሽው ይበላሻል። መንገድ ሲዘጋ ባትሪ ከየት ታመጫለሽ? ይህንንም አስቢ። የሚተከለውን ጠይቀሽኛል። ለአንዳንዱ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ በጊዜ ሲሆን። ግን ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያው ነው። ውጭ የሚቀረው ዕቃ ባትሪም መለዋወጫም ይፈልጋል። ማሽኑን የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ መመላለስ አለ፣ ንግግር ማለማመድ አለ፣ ያውም ለዓመታት። ከአንኮበር አዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በስንት ወር ስንት ጊዜ እንደምትሄጂ ቁጠሪው።»

ትንሽ ቆመችና ወደ ልጁ አየች። ልጁ የጀበናውን ጢስ በጣቱ እየተከተለ ነበር።

«ምልክት ቋንቋ ነው። የራሱ ሰዋስው አለው፤ ቀልድም ጸሎትም ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ብቻ ከተማረው ከማን ጋር ያወራል? አንቺም ትማሪያለሽ፣ አባቱም፣ እኅቱም። ትምህርቱ ያለው ከተማ ነው፤ ወይ አንቺ ትመጫለሽ ወይ ልጁ ከዘመድ ያድራል፤ ቤት ኪራይ አለ። መንደር ስትመለሱ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱን አብረው የያዙም አሉ፣ መሣሪያውንም ምልክቱንም። ጸበሉን ተዪ አልልሽም። ጸበሉን ስትጠባበቂ ግን ሌላውን አታቁሚ፤ እግዜርም ቢሆን በሐኪም እጅና በመምህር እጅ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ የመረጥሽውን እኔ አልነቅፍሽም። ብትቀይሪውም አልነቅፍሽም፣ ተመልሰሽ ነይ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ዝም አልልም። ይህ ልጅ በአፍም ይሁን በእጅ ቋንቋ ሳይኖረው ሌላ ፋሲካ እንዳይደርስበት።»

የጠቦቷን ነገር እኅቴ በአቦሉ ነግራት ነበር።

እዚህ ላይ ትረካዬን ላቁምና አንድ ነገር ልበል። ሰው «አላዳላም» ሲል ብዙ ጊዜ «አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎ በሩን ይዘጋል። እናት ግን ከየት ታውቃለች? መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ ከ9 የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። አብዛኛዋ እናት በሕይወቷ የምታውቀው የመጀመሪያው መስማት የተሳነው ሰው የገዛ ልጇ ነው። ስለዚህ ሳያዳሉ መደገፍ ማለት፣ በእኔ ሚዛን፣ ያቺ ሴትዮ ያደረገችው ነው፤ የእያንዳንዱን መንገድ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ተናግሮ፣ መርጣ ስትሄድም አብሮ መሄድ።

የምልክትና የንግግር ጭቅጭቅ ከአንኮበር አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም የሚሰሙ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ ይማሩ፣ ምልክት ይቅር ብለው ወሰኑ። በብዙ አገር የልጆች እጅ ተያዘ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ተገፉ። ዊልያም ስቶኪ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ምልክት እንደማንኛውም ቋንቋ ሥርዓት ያለው መሆኑን ጽፎ እስኪያሳይ ድረስ ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደ ጥቅሻ ነበር የሚቆጥሩት። የሚላኑ ውሳኔ በራሱ ጉባኤ የተወገዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ! በዚያው ዓመት፣ በእኛ በ2002 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ተቀበለች። ስምምነቱ ምልክት ቋንቋን መማር እንዲመቻች፣ ልጁም ለእሱ በሚስማማው ቋንቋ እንዲማር ያዛል።

በኛም አገር ትምህርቱ ከምንም አልተነሣም። ሚሲዮናውያን ካቋቋሟቸው ጀምሮ መካኒሳ፣ አልፋ፣ ሆሳዕና ያሉት ትምህርት ቤቶች ስንቱን አስተምረዋል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ሁሉም ግን ከአንኮበር ደጃፍ ሩቅ ነው።

ስለ ጊዜ ደግሞ አንድ ማስረጃ ላክል፣ ምክንያቱም የትኛውም ወገን ሊጣላው አይችልም። ክሪስቲን ዮሺናጋ-ኢታኖ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሎራዶ ውስጥ ያጠኑትን አሳተሙ። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ችግራቸው ታውቆ ከነቤተሰባቸው ድጋፍ ያገኙ ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው በቋንቋ ልቀው ተገኙ፤ በንግግር ያደጉትም በምልክት ያደጉትም። እኛ የጠበቅነው በጅራፍ እስኪታወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ገደማው መከላከል የሚቻል ነው። ኩፍኝና ማጅራት ገትር በክትባት፣ የሚመግል ጆሮ በጊዜ በመታከም። ይህን የምላችሁ ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቤታችሁ የሚመግል ጆሮ ካለ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወደ በረካው እንመለስ። ሴትዮዋ ሦስተኛውን ቀዳችና፣ «የኔን ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «ልጄ ትንሽ ትሰማ ነበር። መሣሪያ አደረግሁላት። በየቀኑ ሥራ ሳልገባ ጠዋት፣ ከሥራ ስወጣ ማታ አለማመድኋት። በአፏ ታወራለች። ምልክት አታውቅም፤ አሁን አድጋ ልማር እያለችኝ ነው።» ያን ሁሉ ስለ ምልክት የነገረችን ሴትዮ! እኅቴ ስኒውን ይዛ ቀረች። ሴትዮዋ ይህን መጀመሪያ ብትነግራት ኖሮ እኅቴ ሌላውን እንደማትሰማላት ገብቷት ነበር።

ሐኪም ዘንድ አብራን ሄደች። ልጁ ተለካ። ኦዲዮግራሙ ላይ ምልክቶቹ ሁሉ ከታች ከወረቀቱ ግርጌ ተደርድረዋል፤ ሴትዮዋ «ተርጉሙልን» ብላ ቆመች። በሁለቱም ጆሮው ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል። ከሰው በስጦታ የተገኘ መሣሪያ ተሞከረለት፤ ንግግር አልገባውም። እኅቴና ባሏ ሦስት ሳምንት ሲማከሩ ከረሙ። በሬው ይሸጥ ወይ፣ ገብሱን ማን ያጭዳል፣ ትልቋ ልጅ ከማን ትቅር። በመጨረሻ ምልክትን መረጡ። እኅቴ እዚህ ከተማ ክፍል ተከራየች፣ አረቄ እየሸጠች ልጇን ልዩ ክፍል አስገባች፤ ራሷም ከአንዲት መስማት ከተሳናት ወጣት ምልክት ትማር ጀመር። ሴትዮዋ የራሷ መንገድ ስላልተመረጠ ፊቷ አልጠቆረም፤ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ያዋሰቻት እሷ ናት።

አባታችን ተቆጡ። «የሰው ልጅ በአፉ ነው ፈጣሪውን የሚያመሰግን፤ የጦጣ ሥራ አስተማራችሁት» አሉ። እኅቴ አልተከራከረችም። በገና ልጁ አንኮበር ሄደ፤ ስድስት ዓመት አልፎታል። አያቱ እንደ ልማዳቸው ደጅ ላይ ተማሪዎቻቸውን ፊደል ያስቆጥራሉ። ልጁ ከሰሌዳው ፊት ቆመ። እሳቸው በመቋሚያቸው «መ» ላይ ሲጠቁሙ እጁን ቀርጾ አነሣ። «ሙ» ላይ ሲደርሱ ጣቶቹ እንዳሉ ሆነው እጁ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ሚ» ሲሉ ሌላ እንቅስቃሴ፤ «ማ» ሲሉ ሌላ። የኔታ መቋሚያቸውን ወደ «ሰ» አወረዱ። ልጁ የጣቶቹን ቅርጽ ለወጠ፤ እንቅስቃሴዎቹ ግን እነዚያው፣ ሰባቱም በተራቸው።

የኢትዮጵያ የጣት ፊደል የተሠራው እንዲህ ነው። ተነባቢው በእጅ ቅርጽ ይታወቃል፣ ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ። የኔታ ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። መቋሚያቸው በአየር ላይ እንዳለ፣ «ቆይ» አሉ። «ይህማ ግዕዝ ነው። ይህ ካዕብ። ይህ ሣልስ! ማነው ይህን ያስቆጠረው?» ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። የሰባ ሁለት ዓመት ጣት አልታዘዝ አላቸው፤ ልጁ ጠጋ ብሎ አውራ ጣታቸውን ይዞ በቦታው አስቀመጠላቸው።

ያቺን መሣሪያ አልጣሏትም። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ልጁ ጆሮው ላይ ያደርጋታል፤ ከበሮው ይመጣለታል፣ በእግሩም በደረቱም በጆሮውም። ሲያበቃ አውልቆ ለእናቱ ይሰጣታል።

ባለፈው የገበያ ቀን እኅቴ ቤት ነበርኩ። ከአልዩ አምባ የመጣች አንዲት ወጣት እናት የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን አዝላ ገባች። ሼኹም አይተውታል፣ ጤና ጣቢያም ሄዳለች፣ ጎረቤትም እንደ ልማዱ መክሯታል። ገና ሳትቀመጥ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ምን አደረጉለት?» አለች።

እኅቴ ጀበናውን አወዛውዛ አዳመጠችው። «እሱን በበረካው እነግርሻለሁ። ይህ ልጅ ምን ያስቀዋል?»

አቦሉ ተጠጣ። በቶናው ላይ እኅቴ ስለ መሣሪያውም ስለሚተከለውም ስለ ምልክቱም ተናገረች፤ እኔም የሚለካበትን ቦታና መጠየቅ ያለባትን ሁሉ በደብተር ወረቀት ጻፍኩላት። በረካው እየተቀዳ ሳለ ረዳቱ ከመንገድ ማዶ «አንኮበር! አንኮበር! የመጨረሻ!» እያለ ጮኸ። ወጣቷ ወረቀቱን ከመቀነቷ ሸጉጣ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ እየሮጠች ወጣች። እኅቴ ምን እንደመረጠች ሳትሰማ ሄደች።

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ መኪናው እስኪታጠፍ አያት። ተመልሶ ገባና ረከቦቱ ላይ የቀረውን ስኒ ለእናቱ አሳያት፣ በእጁም ጠየቃት። በእጇ መለሰችለት። የእንግዳዋን በረካ እሱ ጠጣላት።